ሁሉንም በየተራ ሰላም በይልኝ

ጥቅምት 9

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። መልሱን ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ከተማ የሚወርድበትን ቀን ስጠብቅ ነው የቆየሁት። በሌላ ሰው እጅ መላክ ያሳፍረኛል።

ስለ ስልኩ ተቆጥተሻል። እውነትሽን ነው። ግን ኔትዎርክ ያለው ታች መንገዱ ዳር ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው አይጠፋም። ሰው ሲያየኝ ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። ባለፈው ደውለሽ እሺ፣ እሺ ብቻ ብዬሽ ዘጋሁት። ቤት ስገባ የምነግርሽ ሁሉ መጣልኝ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያየኝም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

"ሁሉንም በየተራ ሰላም በይልኝ፤ ደህና ናቸው ብለሽ አትለፊኝ" ብለሽኝ አልነበር? እንዳልሽው በየቤቱ ዞሬ አድርሻለሁ።

ትልቁ አጎታችን ጋሼ ጉልበቴ ያው እንደ ስማቸው ናቸው። ሰላምታሽን ስነግራቸው "ጉልበቴን!" ብለው ተቀመጡ፤ ከተቀመጡም በኋላ "ጉልበቴን!" አሉ። አባባ ሰምቶ "የወንድሜ ጉልበት ከወንድሜ በላይ ታወቀ" አለ። የሚያማቸው የቀኙ ነው። ዳገቱን ሲወጡ በግራው ይጎትቱታል።

አክስታችን "ደህና ነኝ በያት" ብላኛለች። ደህና ግን አይደለችም። የጓዳዋ ጣሪያ በማዕዘኑ በኩል ያፈሳል። እንግዳ እንዳያይባት መጋረጃ ጋርዳበታለች። እኔ ያየሁት ውኃ ላስቀምጥላት ስገባ ነው። "ለሰው እንዳትነግሪ" ብላኝ ነበር። ላንቺ መናገር ግን ለሰው መናገር አይደለም።

የጋሼ ልጅ አሁንም ሹፌሩ ነው የሚባለው። መኪና ነድቶ አያውቅም። ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። መንጃ ፈቃድ ባወጣ ሌላ ምንም አልፈልግም ይላል።

ስለ ኩባንያው ሰዎች ጠይቀሽኛል። አዎ፣ መጥተዋል። ከምንጩ ሥር መዳብ አለ አሉ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ባለው መጠለያ ሥር ሰበሰቡን። ዋናቸው ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ሁሉንም "ወዳጄ" የሚል ሰው ነው፤ ስሙን ሳናውቅ ወዳጄ ብለን ቀረን። "እናንተ የዚህ ምድር ነባር ሕዝብ ናችሁ፤ ካለ እናንተ ፈቃድ አንዲት ድንጋይ አናነሳም" አለ። ሕጉም እንደዚያ ነው አሉ፤ ኮረብታው ላይ ያለ ቤት ሁሉ ካልፈቀደ አይቆፈርም። አባባ ከኋላ ሆኖ "እስከ ዛሬ ኗሪ ነበርን። ነባር ከተባልንማ መነሻችን ደርሷል ማለት ነው" ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ወዳጄም አብሮ ሳቀ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ተስማሙ። ማንም ለብቻው እንዳያነጋግራቸው፤ የሚሉት ካላቸው ሁላችን ባለንበት በመጠለያው ሥር ይበሉ ተባለ። ቤቱ ገብቶ የተቀመጠን ሰው እምቢ ማለት የእኛ ሰው አይችልበትም። ሲሰበሰብ ግን አንዱ በአንዱ ይበረታል። ይህን ያሰበው አባባ ነው።

አዲሱ ሥራሽ እንዴት ነው? አባባ "ምን ዓይነት ሥራ ነው?" ይለኛል። "የጽሕፈት" እለዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ብትጽፊልኝ በትክክል እነግረው ነበር።

የምትናፍቅሽ እህትሽ


ኅዳር 20

ለእትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እጅጌው ይረዝማል፤ ግን መርዘሙን ወድጄዋለሁ። እጄን እደብቅበታለሁ።

ስለ ጋሼ ደስ የሚል ነገር አለኝ። ወዳጄ ሐኪም ይዞ ቤታቸው መጣ። ወደ መጠለያው አልሄደም፤ በቀጥታ ቤታቸው ነው የገባው። ጋሼ እንግዳ ደጃቸው ቆሞ ምን ይበሉ? "ግቡ" አሉ። ሐኪሙ የቱ ነው የሚያምዎት ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ቀኙን ያዘላቸው። ጋሼ እስከ ዛሬ "አይ ዕውቀት! አይቶ ብቻ አወቀው!" እያሉ ያወራሉ። አሁን ዳገቱን ያለ ምርኩዝ ነው የሚወጡት። አባባ "እንኳን ማረህ" አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልጨመረም።

ስለ አክስታችን ለጠየቅሽኝ፣ አይ፣ ጓዳው ብቻ ነው የሚያፈሰው፤ ዋናው ቤት ደህና ነው። ስፋቱን አልለካሁትም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢተኛ የሚይዝ ይመስለኛል። ምን ሊያደርግልሽ ነው? ልትልኪላት ከሆነ ትኮራለችና እኔ እንደነገርኩሽ አታሳውቂያት።

እኔን ደግሞ "ስለ ራስሽ ምንም አትጽፊም" ብለሽ ወቅሰሽኛል። ምን ልጻፍ? ቤት እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ሰው ሲመጣ ከበሩ ኋላ እቆማለሁ። ትምህርቱን ለምን እንደተውኩት አባባ የነገረሽ እውነት ነው፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ግን ለአባባ ያልነገርኩት ሌላም ምክንያት አለ። ሰሌዳው አይታየኝም ነበር። መምህሩ "አንብቢ" ሲለኝ ዝም እላለሁ፤ ዓይን አፋር ናት እያሉ ያልፉኝ ነበር። አሁንም ራቅ ያለ ሰው ፊቱ እንደ ጭቃ የተድበሰበሰ ነው። ሰላም ሳልላቸው የማልፋቸው ሰዎች ኮራች ይሉኛል። አባባ ካወቀ ገንዘብ ልፈልግ ብሎ ይደክማል፤ ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ይቅር። ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

አባባ? አባባ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ምንጩን ይከፍታል፤ ለየቤቱ ተራውን ያካፍላል፤ ማታ ይዘጋል። ስለ እሱ ሌላ የምጽፍልሽ አጣሁ።

እህትሽ


ጥር 15

ለእትዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤዎችሽ ተከታትለው ደረሱኝ። ስላልመለስኩ ይቅርታ፤ ዘግይቼ ሳይሆን ሳመነታ ነው።

የአክስታችን ጓዳ ቆርቆሮ ለብሷል። ወዳጄ ሁለት ሠራተኛ ይዞ መጣ፤ ቆርቆሮው ከታች ተቆርጦ ነው የመጣው፤ ሲያነሱት ልክክ አለ። አክስታችን መጋረጃውን ይዛ ቆማ አለቀሰች። ከደስታ ነው ብለዋል። እኔ ግን አጠገቧ ስለነበርኩ የምታጉተመትመውን ሰምቻለሁ፤ "ማን አየብኝ? ማን አየብኝ?" ነበር የምትለው።

ሹፌሩም መንጃ ፈቃድ ሊማር በኩባንያው መኪና ወረደ። ሲሄድ ከኋላ ወንበር ሆኖ እግሩን እየረገጠ ነበር። ሁሉም ሳቁ።

የመጠለያው ስብሰባ አሁን ሰው የለውም። ጋሼ "ጉልበቴን ያዳነልኝን ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ልቃወመው?" አሉና ቀሩ። አክስታችን ቀረች። ሌሎቹም እንደዚሁ። ለአንዱ የልጁ የሆስፒታል አልጋ ተገኘለት፤ ለሌላው የሞተችበት ላም ተተካችለት። ባለፈው ማክሰኞ አባባ አግዳሚው ላይ ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁት። "ዛሬ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል" አለኝ። ልስቅለት ፈለግኩ፤ አልቻልኩም።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ወዳጄ እኛም ቤት መጣ። አባባ ደጁ ላይ ቆሞ "የምትለው ካለ በመጠለያው ሥር" አለው። ሲቆጣ እንኳ ግባ ላለማለት ሲታገል አየሁት። ወዳጄ ፈገግ ብሎ "ዛሬ የመጣሁት ለእርስዎ አይደለም፤ ለልጅዎ ነው" አለና ወደ እኔ ዞረ። ከበሩ ኋላ ነበርኩ። "ወዳጄ፣ ሐሙስ የዓይን ሐኪም ይመጣል። አንቺን መጀመሪያ ላይ አድርገንሻል። ከእንግዲህ ሰሌዳም ሰውም ጥርት ብሎ ይታይሻል" አለኝ።

ሰሌዳ ነው ያለው፣ እትዬ።

ከሄደ በኋላ አባባ በሩን ዘጋ። ከዚያ "ዓይንሽን ያምሻል?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። "ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ። "ለእነሱ ነግረሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ?" አለ። እንደ ልማዱ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው ነው ያለው። ከዚያ "የአክስትሽንም ጓዳ የምትገቢበት አንቺ ነሽ" አለ።

አልነገርኳቸውም ማለት እችል ነበር። ታዲያ ማን ነገራቸው ሲለኝ ምን ልበለው? ዝም አልኩ። እሱም ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው። ወደ ሐኪሙ አልሄድኩም።

ጥያቄዬን በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከውስጥ አድርጌዋለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

እህትሽ


የካቲት 2

የኔ ጭምት፤

ቁራጭ ወረቀቷን አነበብኳት። ደጋግሜ መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። አዎ። መልሱ አዎ ነው።

ደብዳቤዎችሽን ግን ለማንም አላሳየሁም። ይህን እመኚኝ። በሳጥኔ ውስጥ ናቸው። ጠየቁኝ፣ እኔም ነገርኳቸው፤ ይኸው ነው። በኩባንያው ውስጥ የምሠራበት ክፍል "የነባር ማኅበረሰብ ግንኙነት" ይባላል። የቀጠሩኝ ከኮረብታው ስለሆንኩ ነው። በእንጥልጥል ያለ ቅጥር ነው፤ ካልወደዱኝ ነገ ያሰናብቱኛል። ስሙን ያልጻፍኩልሽ አባባ እንዳይሰማ ነው።

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የኮረብታችን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከአየር ላይ የተነሳ። ቤታችን ከስፒል ራስ አይበልጥም። በየቤቱ ላይ ባለ ቀለም ስፒል ይሰካል፤ ቀይ እምቢ ያለ፣ ቢጫ የሚያመነታ፣ አረንጓዴ እሺ ያለ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አለቃዬ ክፉ ሴት አይደለችም። "ሰውን የምትቀርቢው የጎደለውን ስታውቂ ነው፤ ይህ ዝምድና ነው እንጂ ማባበል አይደለም" ትላለች። እኔም አመንኳት። አሁንም ግማሹን አምነዋለሁ። እስኪ ማንን ጎዳሁ? የጋሼ ጉልበት አልዳነም? የአክስታችን ጓዳ አሁን ያፈሳል? እኛ ስንት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ብቻ ስንለዋወጥ ማን ጣሪያ ሠራላት?

አንቺን ግን ጎድቻለሁ። የዓይንሽን ነገር የነገርኳቸው እንዲያሳክሙሽ ብዬ ነው። ወዳጄ አባባ ፊት ይዘከዝከዋል ብዬ አላሰብኩም። ይቅር በይኝ። አባባ አንቺን መጠርጠሩን ሳነብ ከመሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ቆየሁ። እውነቱን ንገሪው ልልሽ ነበር፤ እጄ አልጽፍ አለኝ። ፈሪ ነኝ።

አሁን ፎቶግራፉ ላይ አንድ ቀይ ስፒል ቀርቷል። የኛ ቤት ነው። አባባ ከፈቀደ ሁሉም ያልቃል፤ እሱ ካልፈቀደ ግን ሕጉ ያስራቸዋል፤ የሌሎቹ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። በሚያዝያ መጀመሪያ ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ እኔም አብሬ እንድሄድ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ቋሚ ያደርጉኛል። ብመጣ አባባ እንዴት ይቀበለኛል? ይህንን ብቻ መልሺልኝ። እኔም እሱን ካየሁት ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

እትዬሽ


የካቲት 21

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለጠየቅሽኝ መልሱ እንዳትመጪ ነው።

የት እንደምትሠሪ ለአባባ ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እኔ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ" አለ። ስምሽ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። ከእነሱ ጋር በዚህ ደጅ ከገባሽ እሱ በጓሮ በር እንደሚወጣ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሯል። ያንቺን ፊት አይቶ ይፈርማል ብለው አስበው ከሆነ፣ ይልቁንስ ያንቺን ፊት ካየ ጭራሽ እንደማይፈርም ንገሪያቸው።

ጋሼ፣ አክስታችን፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ከዚህ በላይ በየተራ አልጽፍልሽም።


መጋቢት 10

የኔ ጭምት፤

አልመጣም።

የጻፍሽውን ለአለቃዬ ነገርኳት። "እንግዲያው አንቺ ለዚህ ቤት መንገድ አይደለሽም" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ሻይ አስመጣችልኝ። በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ አገኘሁ። ከሌላ ኮረብታ የመጣች ናት። ግድግዳው ላይ የሷን መንደር ፎቶግራፍ እየሰቀሉላት ነበር። "ስፒሎቹ የት ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። አሳየኋት።

አሁን የምኖረው ከጓደኛዬ ጋር ነው። የልብስ መተኮሻ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። እንፋሎቱ ሲበዛ የሰው ፊት አይታይም፤ ተመችቶኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህንን የሚጠይቅሽ ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ከአባባ አፍ የወጣ አንድ ቃል ጻፊልኝ። ስድብም ይሁን። ርግማንም ይሁን። ራሱ ያለውን፣ እንዳለው አድርገሽ።

እትዬሽ


መጋቢት 28
(ያልተላከ)

እትዬ፣ የኔ እትዬ፤

ይህንን አልልክልሽም። ግን ካልጻፍኩት ደረቴ ላይ ይቀራል።

አባባ ምንም አያውቅም። የት እንደምትሠሪ አልነገርኩትም። "አንድ ልጅ ናት ያለችኝ" ብሎ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ስምሽን እስኪሰለች የሚጠራው እሱ ነው። አውቶቡስ ታች መንገዱ ላይ በቆመ ቁጥር ውኃ ማካፈሉን ትቶ ይቆማል። ይህንን በአንድም ደብዳቤ ላይ ያልጻፍኩልሽ እንድትጨነቂ ስላልፈለግኩ ነበር። በኋላ ደግሞ ስለፈራሁ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ጉድለት ስጽፍልሽ የአባባን ሳልጽፍ የቀረሁት እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቀውም። አባባ የጎደለው አንቺ ነሽ። ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጉልበትና ቆርቆሮ ላይ ሳይደክሙ በመጀመሪያው ቀን ይልኩሽ ነበር።

እስከ ዛሬ የዓይኔን ነገር፣ የአክስታችንን ነገር የነገርኳቸው እኔ ይመስለዋል። ሰው ሲመጣ እኔ ካለሁ ወሬውን ያሳጥራል። "ልጄ" ማለቱን አልተወም። ግን የምንጩን ቁልፍ የሚያስቀምጥበትን ቦታ ቀይሯል።

ጋሼና አክስታችን ፈርመዋል፤ በኩባንያው አዲስ ሰፈር ውስጥ ቤት ተሰጥቷቸዋል። የአክስታችን አዲሱ ቆርቆሮ ሲነቀል እዚያው ነበርኩ። "ለአንድ ክረምት እንኳ አልዘነበበትም" አለች። ሹፌሩ አሁን የኩባንያውን ገልባጭ መኪና ይነዳል። ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋልናል። አባባ እጁን አያነሳለትም፤ ጋሼንም ሲያገኛቸው "እግር ይጠና" ብሏቸው ያልፋል። ወንድማማቾች ናቸው። ኮረብታው አልተቆፈረም፤ እኛም እዚሁ አለን። ምንጩን ግን ለማን እንደሚያካፍል አላውቅም፤ ያለነው እኛ ብቻ ነን። ልማድ ሆኖበት ለባዶ ቤቶችም ተራቸውን ይከፍትላቸዋል።

ዛሬ ጠዋት የዶማ እጀታ እየጠረበ "እስኪ ወረቀትና ብዕር አምጪ፤ ለእህትሽ እኔ ራሴ ልጻፍላት። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ" አለኝ። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"ጤናሽ እንዴት ነው በያት።"

ጻፍኩ።

"ከስተሻል ወይስ ወፍረሻል በያት። ሰው ሲርቅ አንዱ አይቀርለትም።"

ጻፍኩ።

"መቼ ነው የምትመጪው በያት። ሥራ አለብኝ እንዳትለኝ። ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ አልተፈጠረም።"

ከዚያ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

"አንድ የቸገራት ነገር ያለ ይመስለኛል" አለኝ። "ዝም ያለችው ለዚያ ነው። ምንም ይሁን፣ መጥታ ትጠይቀኝ በያት። ገና ኮልታፋ ሳለች ጀምሮ የጠየቀችኝን እምቢ ያልኳት ቀን የለም። አሁንም አልልም።"

እጄ ቆመ።

"ምነው?" አለኝ።

"ብዕሩ አልጽፍ አለኝ።"

"እፍ በይበት እንጂ።"

እፍ አልኩበትና ጻፍኩ። ቃል በቃል ጻፍኩት፣ እትዬ፤ እንዳለው አድርጌ። ለዚህ ነው እንዳትመጪ የዋሸሁሽ። መጥተሽ ብትጠይቂው ኖሮ የወረቀቱን ራስና እግር ሳያይ ይፈርምልሽ ነበር። ከዚያ ምንጩ ሲደርቅ እያየ፣ እናታችን ያረፈችበትን ሲያርሱት እያየ፣ "ልጄ ናት የጠየቀችኝ" እያለ ይሞት ነበር። ኮረብታው ዛሬ በቦታው የቆመው አንቺንና እሱን ስላለያየሁ ነው። ትክክል ሠራሁ? የምጠይቀው ሰው የለኝም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን የምጠይቀው አንቺን ነበር።

"አንብቢልኝ" አለኝ። አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። "ሰላምታውን አሳጠርሽው፤ በመጨረሻ 'አባትሽ' በይበት" አለ። አልኩበት። "በይ ባለሱቁ ሳይወርድ ስጪው" ብሎ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘኝ።

አሁን ከሱቁ በታች ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ይህንን የምጽፈው። የአባባ ደብዳቤ ሹራቤ ውስጥ ነው። ለባለሱቁ የምሰጠው ሌላ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። የጠየቅሽኝ አንድ ቃል እሱ ላይ አለ፦

"አባባን ጠየቅኩት። የምለው የለም አለ።"